የሐኪሙ ዝናና የታማሚው ጀርባ፦ የጥናት ማጣቀሻዎች ስለ አከርካሪ ቀዶ ሕክምና የሚነግሩንና የሚሰውሩን

በየዓመቱ በኖቬምበር ወር፣ ክላሪቬት የተባለው የመረጃ ተቋም ጥናቶቻቸው በሌሎች ተመራማሪዎች አብዝተው የተጠቀሱላቸውን ሳይንቲስቶች ስም ዝርዝር ይፋ ያደርጋል። በአሜሪካው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ጆን ዮአኒዲስ መሪነት የሚዘጋጀውና በብዙዎች ዘንድ «ከመቶ ሁለቱ» በሚል የሚታወቀው ሌላ ዝርዝርም እንዲሁ በየጊዜው እየታደሰ ይወጣል። ዝርዝሮቹ በወጡ ማግስት ዩኒቨርሲቲዎችና ሆስፒታሎች የእነርሱ ሰው መካተቱን ለማብሰር ይሽቀዳደማሉ። በሐኪሙ ፎቶግራፍ ግርጌም የታተሙለት ጥናቶች ብዛት፣ የተጠቀሰበት ጊዜና «ኤች-ኢንዴክስ» የሚባለው ቁጥር ተደርድሮ ይቀርባል።

ዜናው በምሁራን ግቢ ውስጥ ብቻ የሚቀር ቢሆን ኖሮ ተራውን አንባቢ ባላሳሰበው ነበር። ነገር ግን ቁጥሮቹ ዛሬ ወደ ታማሚው ዘንድ ደርሰዋል። በግንባታ ቦታ ለዓመታት ሲሚንቶ የተሸከመ ወንድም፣ ወይም በሰው ቤት አቅመ ደካማ አረጋውያንን ስታነሳና ስታስተኛ የኖረች እኅት ጀርባዋ አልታዘዝ ሲላት፣ ሐኪም የምትመርጠው ዘመድ በነገራትና በስልኳ መስኮት ባየችው መረጃ ነው። «ይህ ሐኪም ከመቶ በላይ ጥናቶች አሉት፤ በሺዎች ጊዜም ተጠቅሷል» የሚል ጽሑፍ ስታነብ ልቧ ይረጋል። ጥያቄው እዚህ ላይ ነው፤ ያ ቁጥር በእርግጥ የሚለካው ምንድን ነው? ቢላዋው በአከርካሪዋ ላይ ከማረፉ በፊትስ ምን ያህል ልትተማመንበት ይገባል?

ቁጥሩ እንዴት ይሠራል?

ማጣቀሻን የመቁጠር ሐሳብ የተስፋፋው አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ እ.ኤ.አ. በ1955 ባቀረቡት ጽሑፍና በ1964 ባሳተሙት የሳይንስ ማጣቀሻዎች መዝገብ ነው። የመዝገቡ ዓላማ አንድ ተመራማሪ ከአንድ ጥናት ተነስቶ፣ ያንን ጥናት የጠቀሱ ሌሎች ሥራዎችን እንዲያገኝ መርዳት ነበር። መዝገቡ መንገድ ጠቋሚ እንዲሆን የታሰበ ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ግን የሰው ማዕረግ መለኪያ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ የአንድን ተመራማሪ የሕይወት ዘመን ሥራ በአንድ ቁጥር የሚገልጽ ዘዴ አቀረቡ። ኤች-ኢንዴክስ የሚባለው ይህ ነው። አንድ ሐኪም ኤች-ኢንዴክሱ 30 ነው ሲባል፣ ካሳተማቸው ጥናቶች መካከል 30ዎቹ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 30 ጊዜ ተጠቅሰዋል ማለት ነው። ስሌቱ ቀላል መሆኑ ለመስፋፋቱ ምክንያት ሆነ፤ ድክመቱም ከዚያው ይመነጫል። በሕይወቱ ሦስት ጥናቶችን ብቻ ያሳተመ፣ እያንዳንዱም ሺህ ጊዜ የተጠቀሰለት ሰው ኤች-ኢንዴክሱ 3 ነው። አርባ ጥናቶችን አሳትሞ እያንዳንዱ 40 ጊዜ የተጠቀሰለት ሰው ግን 40 ያገኛል። ከሁለቱ የትኛው የሕክምናውን መልክ እንደቀየረ ቁጥሩ አይናገርም።

በአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ዘርፍ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። የአጥንትና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች የሚጋሩት ይህ ሙያ የራሱ የጥናት መጽሔቶች አሉት። «ስፓይን» የተሰኘው መጽሔት መታተም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። በዘርፉ በአንድ ጥናት ላይ የብዙ ሐኪሞች ስም መሰለፉ የተለመደ ነው። የጥናቱን ሐሳብ ያፈለቀውም፣ ታማሚዎችን ብቻ የመዘገበውም፣ በመጨረሻ አንብቦ የፈረመውም በቆጠራው ላይ እኩል ድርሻ ያገኛሉ። ከዚህም በላይ ዘርፉ ከብሎንና ከዘንግ፣ ከሰው ሠራሽ ዲስክና ከአጥንት ማብቀያ መድኃኒት ጋር የተሳሰረ በመሆኑ፣ ከጥናቱ ጀርባ ብዙ ጊዜ የንግድ ኩባንያ ገንዘብ ይገኛል።

በሚገባው የተጠቀሰ ሥራ

ይህን ስንል ማጣቀሻ ሁሉ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። ብዙ ጊዜ ከተጠቀሱ የዘርፉ ሥራዎች መካከል ለታማሚዎች እውነተኛ ጥቅም ያስገኙ አሉ።

ለዚህ እ.ኤ.አ. በ1980 በእንግሊዝ አገር የታተመው የኦስዌስትሪ መጠይቅ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጄረሚ ፌርባንክና ባልደረቦቻቸው ያዘጋጁት ይህ መጠይቅ አሥር ክፍሎች ብቻ አሉት። ሕመሙ ምን ያህል ይበረታል? ራስዎን ችለው ይለብሳሉ፣ ይታጠባሉ? ዕቃ ማንሳት ይችላሉ? ምን ያህል ርቀት ይራመዳሉ? ለምን ያህል ጊዜ ይቀመጣሉ፣ ይቆማሉ? እንቅልፍዎስ እንዴት ነው? መልሶቹ ተደምረው ከዜሮ እስከ መቶ የሚደርስ ውጤት ይሰጣሉ። መጠይቁ በተለያዩ ቋንቋዎች ተተርጉሞ በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል፤ የጀርባ ሕክምና ውጤትን የሚያጠና ተመራማሪም ብዙ ጊዜ ይጠቅሰዋል። ተደጋግሞ የተጠቀሰው የሐኪሙን ብልሃት በማድነቁ አይደለም፤ ታማሚውን ራሱን በመጠየቁ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1994 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የወጣው ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ምንም የጀርባ ሕመም የሌላቸውን 98 ሰዎች በኤም አር አይ አነሷቸው። ዲስኮቻቸው ሁሉ ጤናማ ሆነው የተገኙት 36 ከመቶ የሚሆኑት ብቻ ነበሩ። 52 ከመቶ በሚሆኑት ላይ ቢያንስ አንድ ያበጠ ዲስክ ታየ። ሰዎቹ ግን ምንም አያማቸውም ነበር። የጥናቱ ትምህርት ግልጽ ነው፤ በምስሉ ላይ የታየ ጉድለት ሁሉ የሕመሙ ምንጭ አይደለም፤ ምስሉን ብቻ አይቶ ወደ ቀዶ ሕክምና መቸኮልም አይገባም። ይህ ጥናት በብዙዎች መጠቀሱ ስንት ሰው ከማያስፈልግ ቢላዋ እንዳዳነ መቁጠር ቢያስቸግርም፣ ክብሩ ግን የሚገባው ነው።

አንድ ጥናት፣ ሁለት ጠቃሾች

አንዳንዱ ጥናት ደግሞ በሁለት ተቃራኒ ወገኖች እኩል ይጠቀሳል። በአሜሪካ 13 የአከርካሪ ክሊኒኮች የተካሄደውና «ስፖርት» በሚል ምሕጻር የሚታወቀው ትልቅ ጥናት በ2006 ታተመ። ጥያቄው ዲስኩ ተንሸራቶ ነርቩን ለተጫነው ታማሚ ቀዶ ሕክምና ይሻለዋል ወይስ መድኃኒትና የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና? የሚል ነበር። 501 ታማሚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ይሁንና በሦስት ወራት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ከደረሳቸው መካከል ቀዶውን ያደረጉት ግማሾቹ ብቻ ነበሩ፤ ያለ ቀዶ እንዲታከሙ ዕጣ ከወጣላቸው መካከል ደግሞ 30 ከመቶው ወደ ቀዶ ሕክምና ተሻገሩ።

ሁለቱ ወገኖች በዚህ መንገድ ስለተቀላቀሉ፣ በዕጣው መሠረት ሲነጻጸሩ የታየው ልዩነት ትንሽ ሆነ። በእርግጥ በተሰጣቸው ሕክምና ሲነጻጸሩ ግን የቀዶ ሕክምናው ጥቅም ጎልቶ ታየ። በመሆኑም ቀዶ ሕክምናን የሚደግፍ ሐኪም የጥናቱን አንድ ክፍል ይጠቅሳል፤ የሚጠራጠረውም ሌላውን ክፍል ይጠቅሳል። የማጣቀሻ ቆጣሪው ሁለቱንም ይደምራል። ተጠቃሽነት ስምምነትን እንደማያሳይ፣ ይልቁንም ክርክሩ የት እንደሞቀ እንደሚጠቁም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ቁጥሩ ያልነገረው ጉዳት

የማጣቀሻ ቁጥር አደጋ በግልጽ የታየው ግን በአጥንት ማብቀያው ፕሮቲን ታሪክ ላይ ነው።

ሁለት የአከርካሪ አጥንቶችን እንዲጋጠሙ ለማድረግ ሐኪሞች ለረጅም ዘመን ከታማሚው ዳሌ ላይ አጥንት ቆርሰው በመካከላቸው ይተክሉ ነበር። ይህ ሁለተኛ ቁስልና ተጨማሪ ሕመም ያስከትላል። በ2002 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ ሜድትሮኒክ የተባለው ኩባንያ ያቀረበውን በቤተ ሙከራ የሚሠራ አጥንት አብቃይ ፕሮቲን ለአንድ ዓይነት የታችኛው ጀርባ ቀዶ ሕክምና ፈቀደ። «ኢንፊዩዝ» በሚል የንግድ ስም የሚታወቀው ይህ ምርት የዳሌውን ቁስል ያስቀራል በመባሉ በፍጥነት ተስፋፋ፤ ብዙ ጊዜም ፈቃድ ባልተሰጠበት የአከርካሪ ክፍል ላይ ጭምር ጥቅም ላይ ዋለ።

ለመስፋፋቱ መሠረት የሆኑት በኩባንያው ድጋፍ የተካሄዱ 13 ጥናቶች ነበሩ። በእነዚህ ጥናቶች ውስጥ ፕሮቲኑን የወሰዱ 780 ታማሚዎች ተመዝግበዋል። በፕሮቲኑ ምክንያት ደረሰ ተብሎ የተዘገበ ጉዳት ግን አንድም አልነበረም። ጥናቶቹ በታወቁ መጽሔቶች ወጡ፣ በስብሰባዎች ተነበቡ፣ ሌሎችም ጠቀሷቸው። የጸሐፊዎቹ ስምም በዚያው ልክ ገነነ።

የመጀመሪያው የማስጠንቀቂያ ደወል የተሰማው በጁላይ 2008 ነው። የአሜሪካው አስተዳደር ፕሮቲኑ በአንገት አካባቢ ጥቅም ላይ ሲውል እብጠት እያስከተለ የአየርና የምግብ መተላለፊያን እንደሚዘጋ ገልጾ ሐኪሞችን አስጠነቀቀ። በአራት ዓመታት ውስጥ እንዲህ ያሉ 38 ሪፖርቶች ደርሰውት ነበር።

ከሦስት ዓመታት በኋላ፣ በጁን 2011፣ «ዘ ስፓይን ጆርናል» የተሰኘው የዘርፉ መጽሔት አንድ ሙሉ እትሙን ለዚህ ጉዳይ አዋለ። የመጽሔቱ ዋና አዘጋጅና የስታንፎርዱ ቀዶ ሐኪም ዩጂን ካራጊ ከባልደረቦቻቸው ጋር 13ቱን ጥናቶች ለመንግሥት ከቀረቡት ሰነዶች ጋር አመሳከሩ። የደረሱበት ድምዳሜ ብዙዎችን አስደነገጠ፤ ትክክለኛው የጉዳት መጠን በመጀመሪያ ከተገመተው ከ10 እስከ 50 እጥፍ እንደሚደርስ አሳዩ። ከጉዳቶቹ መካከል አጥንት ባልተፈለገበት ቦታ መብቀሉ፣ የተተከለው ነገር ከቦታው መንሸራተቱ፣ የነርቭ ሕመም፣ እንዲሁም በወንዶች ላይ መካንነት ሊያስከትል የሚችል ችግር ይገኙባቸዋል። በጥናቶቹ ጸሐፊዎችና በኩባንያው መካከል የነበረው የታወቀ የገንዘብ ትስስር መካከለኛ መጠንም ለእያንዳንዱ ጥናት ከ12 እስከ 16 ሚሊዮን ዶላር እንደሚሆን አሰሉ።

በኦክቶበር 2012 የአሜሪካ ሴኔት የፋይናንስ ኮሚቴ የራሱን ሪፖርት አወጣ። ኩባንያው ከ1996 እስከ 2010 ድረስ ለጥናቶቹ ሐኪም ጸሐፊዎች በአጠቃላይ 210 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደከፈለ፣ ሠራተኞቹም ስማቸው ሳይገለጽ በጽሑፎቹ ረቂቅና እርማት ላይ እንደተሳተፉ ኮሚቴው አስታወቀ። ኩባንያው ውንጀላውን አልተቀበለም። ሆኖም ያሉትን የታማሚ መረጃዎች በሙሉ ለየል ዩኒቨርሲቲ አሳልፎ ለመስጠት ተስማምቶ ነበር። ዩኒቨርሲቲውም ሁለት ገለልተኛ ቡድኖች መረጃውን በየፊናቸው እንዲመረምሩ አደረገ። ውጤታቸው በ2013 ሲታተም፣ ፕሮቲኑ ከዳሌ ከሚወሰድ አጥንት ጋር ሲነጻጸር ለታማሚው ሕመም መቀነስ ጎልቶ የሚታይ ጥቅም እንደሌለው ተረጋገጠ። የቀደሙት ኅትመቶችም ጉዳቶችን አሟልተው እንዳልዘገቡ ታወቀ።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንመለስ። እነዚያ ጥናቶች ከ2011 በኋላም መጠቀሳቸው አልቆመም። ቀድሞ ለምስጋና፣ በኋላ ለትችትና ለማስተማሪያነት ተጠቀሱ። ቆጣሪው ግን ምስጋናን ከወቀሳ አይለይም። አንድ ጥናት ስሕተት መሆኑን የሚያስረዳ ጽሑፍ ሁሉ ለዚያው ጥናት አንድ ነጥብ ይጨምርለታል። የሐኪሙ ኤች-ኢንዴክስ በዚህ ምክንያት አይወርድም፤ ሲወርድም አይታወቅም። ጀርባውን ይዞ የቀረው ታማሚ ብቻ በየትኛውም የማጣቀሻ ሰንጠረዥ ላይ አይታይም።

ዝናን የማበጀት ጥበብ

ከዚህ በተጨማሪ ቁጥሩን ሆን ብሎ ማሳደግም ይቻላል። ቀላሉ መንገድ ራስን በራስ መጥቀስ ነው። የፕሮፌሰር ዮአኒዲስ ቡድን በ2019 ከመቶ ሺህ በላይ ተመራማሪዎችን መረጃ ይፋ ባደረገ ጊዜ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ማጣቀሻ ከራሳቸው ወይም አብረዋቸው ከጻፉ ባልደረቦቻቸው ያገኙ ቢያንስ 250 ሰዎች ተገኝተዋል። ራስን መጥቀስ በራሱ ነውር አይደለም፤ ቀጣይነት ያለው ሥራ የሚሠራ ሰው የቀድሞ ግኝቱን ሊያነሳ ግድ ይለዋል። ልኩን ሲያልፍ ግን አንድ ሰው በባዶ አዳራሽ ውስጥ ለራሱ እንደሚያጨበጭበው ይሆናል።

ሌላው መንገድ በተቋማት በኩል የሚመጣ ነው። የዩኒቨርሲቲዎች ዓለም አቀፍ ደረጃ በከፊል የሚሰላው አብዝተው በተጠቀሱ ተመራማሪዎች ብዛት በመሆኑ፣ በሌላ አገር የሚኖርና የሚሠራን ዝነኛ ሰው በገንዘብ ጋብዞ ስሙን በራስ ተቋም ሥር ማስመዝገብ ተለመደ። ሳይንስ የተሰኘው መጽሔት ይህን ልማድ በ2011 የክልላችንን ዩኒቨርሲቲዎች በምሳሌነት አንስቶ ዘግቦታል። በ2023ም በስፔን ሰፊ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። ክላሪቬት ራሱ በ2023 ከአንድ ሺህ በላይ፣ በ2024 ደግሞ ከሁለት ሺህ በላይ ስሞችን አጠራጣሪ የኅትመትና የማጣቀሻ ሁኔታ ስላየባቸው ከመጨረሻው ዝርዝር አውጥቷል። ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው ተቋም ራሱ ይህን ያህል ሰው ለመቀነስ ከተገደደ፣ ተራው አንባቢም ዝርዝሩን በጥንቃቄ ማየቱ ተገቢ ነው።

ያልተጠቀሱት

የማጣቀሻ ቆጠራ ያገነናቸው እንዳሉ ሁሉ የረሳቸውም አሉ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ የራሳችን ክልል የሕክምና ታሪክ ምስክር ነው።

በ1013 ያረፉት የአንደሉሱ ሐኪም አቡል ቃሲም አል-ዘህራዊ 30 ክፍሎች ያሉትን «ኪታብ አል-ተስሪፍ» ጻፉ። የመጨረሻው ክፍል ስለ ቀዶ ሕክምና የሚናገር ሲሆን፣ ከቦታቸው ስለተናጉ የአከርካሪ አጥንቶች አመላለስ የሚያትት ምዕራፍም አለው። ሥራው በ12ኛው ክፍለ ዘመን በክሬሞናው ጄራርድ ወደ ላቲን ተተረጎመ። ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም ጊ ደ ሾሊያክ በ1363 ባጠናቀቀው ታላቅ መጽሐፉ አል-ዘህራዊን ከ200 ጊዜ በላይ እንደጠቀሳቸው የታሪክ ጸሐፍት ይናገራሉ። በዘመናችን ስሌት ቢታይ አብዝተው ከተጠቀሱት አንዱ በሆኑ ነበር።

ከእርሳቸው አራት መቶ ዓመታት በኋላ በአናቶሊያ፣ በአማስያ ከተማ የነበሩት ሐኪም ሸረፈዲን ሳቡንጁዎሉ የአል-ዘህራዊን ሥራ መሠረት አድርገው የራሳቸውንም ልምድ ጨምረው በ1465 በሥዕል የተደገፈ የቀዶ ሕክምና መጽሐፍ አዘጋጁ። የአከርካሪ ጉዳት ሕክምናም በውስጡ ተካቷል። መጽሐፉን የጻፉት ግን በዘመኑ የሳይንስ ቋንቋ በነበረው በዐረብኛ ወይም በላቲን ሳይሆን፣ የአገራቸው ሰው በሚናገረው በቱርክኛ ነበር። ወደ ላቲን የተረጎመው ባለመኖሩ አውሮፓ አላወቀውም፤ የታሪክ ተመራማሪዎች ትኩረት የሰጡትም በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በሁለቱ ሐኪሞች ዝና መካከል ያለው ርቀት የእጃቸው ጥበብ የፈጠረው ብቻ አይደለም፤ የቋንቋና የትርጉምም ጉዳይ ነው። ዛሬም በእንግሊዝኛ ያልተጻፈ፣ በታላላቆቹ የመረጃ ቋቶች ያልተመዘገበ ጥናት ዕጣው ከሳቡንጁዎሉ የሚለይ አይደለም።

ይህ እውነት ለኢትዮጵያውያንም ቅርብ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የሳንባ ነቀርሳ ጫና ካለባቸው 30 አገሮች ተርታ የሚመድባት አገር ናት። በሽታው አከርካሪን ሲያጠቃ አጥንቱን እየበላ ጀርባን ያጎብጣል፤ ሕብለ ሰረሰርን ሲጫንም እግርን ያሽመደምዳል። ከ1960ዎቹ ጀምሮ የእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በኮሪያ፣ በሆንግ ኮንግና በአፍሪካ ያስተባበራቸው ጥናቶች፣ ታማሚው መድኃኒቱን በሥርዓቱ ከወሰደ ወራትን ሆስፒታል መተኛቱም ሆነ በጄሶ መታሰሩ የሚጨምርለት ጥቅም እንደሌለ አሳይተዋል። ሆስፒታልም ሐኪምም ለሚያጥራቸው አገሮች ይህ ትልቅ ግኝት ነበር። ሆኖም የሚሸጥ ብሎን ስለሌለው ብዙ አስተዋዋቂ አላገኘም።

የነርቭ ቀዶ ሕክምና ልዩ ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ትብብር በ2006 ነው። በጥቂት እጆች ብዙ ታማሚ የሚያክም ሐኪም ጥናት ለመጻፍ ጊዜ ከየት ያገኛል? ኤች-ኢንዴክሱ ዝቅተኛ ቢሆን ቁጥሩ የሚናገረው ስለ እጁ ሳይሆን ስለ ጊዜውና ስለ ተቋሙ አቅም ነው።

ኅትመትና አገልግሎት አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉም የሚያሳይ ምሳሌ በአፍሪካ ምድር አለ። ጋናዊው ፕሮፌሰር ኦሄነባ ቦአቺ-አጄይ በኒው ዮርክ ለረጅም ዓመታት የሠሩ፣ በአከርካሪ መጣመም ላይ ብዙ ያሳተሙ ቀዶ ሐኪም ናቸው። በ1998 «ፎኮስ» የተሰኘውን ግብረ ሠናይ ድርጅት መሠረቱ፤ ድርጅቱም በአክራ ሆስፒታል ከፈተ። በአዲስ አበባ ለአሥርተ ዓመታት የኖሩት አሜሪካዊው ሐኪም ሪክ ሆድስ አከርካሪያቸው ክፉኛ የተጣመመ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን ወደዚያ ሲልኩ ቆይተዋል። ከሆስፒታሉ ከወጡት ጥናቶች መካከል የትኛው ታማሚ ለምን ዓይነት አደጋ እንደሚጋለጥ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለመመዘን የሚረዳ ነጥብ አሰጣጥ ይገኝበታል። ጥናቱ የደረሰውን ጉዳት ሳይሸሽግ መዝኗል። የአንድ ተመራማሪ መዝገብ ሊመሰገን የሚገባው በዚህ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

የሳይንስ ማኅበረሰቡ ችግሩን ዘንግቶታል ማለት አይቻልም። በ2012 መጨረሻ በሳን ፍራንሲስኮ የተረቀቀውና በቀጣዩ ዓመት ይፋ የሆነው መግለጫ፣ ተመራማሪን ባሳተመበት መጽሔት ዝና መመዘን እንዲቀር ጠይቋል። በ2015 የወጣው የላይደን ማኒፌስቶም ቁጥር የባለሙያን ፍርድ እንዲያግዝ እንጂ እንዳይተካ የሚያሳስቡ አሥር መርሆችን አስቀምጧል። እንደ ስዊድን ያሉ አገሮች ደግሞ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ብሔራዊ መዝገብ አቋቁመው፣ ታማሚው ከቀዶው በኋላ ዓመታት ቆይቶ እንዴት እንደሆነ ራሱን እየጠየቁ ይመዘግባሉ። ክልላችን ለሕክምና ቱሪዝምና ለምርምር ብዙ ሀብት በሚያፈስበት በዚህ ወቅት፣ ከስም ዝርዝሩ ይልቅ እንዲህ ያለው መዝገብ ቢቀድም ለታማሚው ይበጃል።

ታማሚውና ቤተሰቡም ሊጠይቋቸው የሚገቡ ቀላል ጥያቄዎች አሉ። ሐኪሙ የጻፈው እኔን ስለሚያመኝ ሕመም ነው ወይስ ስለ ሌላ? ጥናቱን ማን ከፈለበት? ታማሚዎቹን ለምን ያህል ጊዜ ተከታትሏል? ስንቶቹ ተጎዱ፣ ስንቶቹስ ለሁለተኛ ጊዜ ተቀደዱ? ይህን ቀዶ ሕክምና እርስዎ ራስዎ በዓመት ስንት ጊዜ ይሠራሉ? ሳልቀደድ ብቆይ ምን ይደርስብኛል? እግርን በድንገት የማዛል፣ ሽንትና ሰገራን የመቆጣጠር ችግር ወይም በመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ ካለ ግን ጊዜ የማይሰጥ ድንገተኛ ሁኔታ በመሆኑ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል። ከዚህ ውጪ ባለው አብዛኛው የጀርባ ሕመም ሁለተኛ ሐኪም ለማማከር ጊዜ አለ፤ ጥያቄውን በትዕግሥት የሚመልስ ሐኪምም ብዙውን ጊዜ ከቁጥሩ የበለጠ ይናገራል።

የጋርፊልድ መዝገብ ሲጀመር መንገድ ጠቋሚ ነበር። ዛሬም በዚያው ልክ ቢያዝ ይጠቅማል፤ ወደ ጥናቱ ይወስደናል፤ ጥናቱን የምናነበውና የምንመዝነው ግን እኛው ነን። በአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ውስጥ የመጨረሻው ምስክር በማጣቀሻ ሰንጠረዥ ላይ ያለው ስም አይደለም፤ ከዓመት በኋላ ጎንበስ ብሎ ጫማውን የሚያስረው፣ ልጁን አንስቶ የሚያቅፈው፣ ሌሊቱንም ሳይቃትት የሚያድረው ሰው ነው።